ፊኛው ለምን ይቀደዳል? ከድሬዳዋ እስከ ልደታ

አዲስ አበባን አብጠርጥረው የሚያውቁ ሰዎች ይህን ባያነቡት ደስ ይለኛል፤ ስህተት ይለቅሙብኛል። የምጽፈው ከዚራ ሰፈር በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው «ልደታ ደግሞ ምን ይመስላል?» እያሉ ለጠየቁኝ የፋብሪካችን ሰዎች ነው። አምስት ቀን ከርሜ አንድም ሐውልት ሳላይ ተመልሻለሁ። ያየሁት አንድ የላቦራቶሪ ዕቃ፣ ጣሪያው የተቀደደ ወርክሾፕና አንድ ክምር ጭራሮ ነው።

ሥራችንን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። የችግኝ ላስቲክ እንሠራለን። ሩዝ የሚያህል ነጭ የፕላስቲክ ፍሬ ከላይ ወደ ማሽኑ ይገባል፤ ውስጥ ይቀልጥና እንደ ቀለበት ክብ በሆነ አፍ ወደ ላይ ይወጣል። መሀሉ ላይ አየር ስንነፋበት እንደ ረጅም ፊኛ ሆኖ ወደ ጣሪያው ይሳባል፤ እዚያ ቀዝቅዞ በሁለት ብረት መሀል ተጨፍልቆ ይጠቀለላል። ፊኛው ቀጥ ብሎ ከቆመ ቀኑ መልካም ነው። ከተቀደደ ግን ማሽኑ ላይ የተጋገረ ላስቲክ ስንልጥ እንውላለን።

ጉዞው የደርግ ጊዜ ነው፤ በዚያ ዓመት የድሮው ፍሬ አለቀና ሌላ መጣ። ጆንያው ላይ የተጻፈው ስም ያው ነበር፤ ጠባዩ ግን ተለወጠ። ማሽኑ ውስጥ ሲገፋ ሞተሩን ያስቃስተዋል። ከአፉ ሲወጣ ደግሞ ይልፈሰፈሳል፤ ፊኛው ይወዛወዝና ይቀደዳል። የሚቆመው በጋሽ ዩሱፍ ተራ ብቻ ነበር። ጋሽ ዩሱፍ የፋብሪካችን አንጋፋ ኦፕሬተር ነው፤ እኔንም ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው። አንድ ቀን መፍቻ ፍለጋ ሣጥኑን ስከፍት በደቃቁ የተከተፈ አሮጌ ላስቲክ የሞላበት ከረጢት አገኘሁ። ግድግዳችን ላይ ከአዲሱ ጥሬ ዕቃ ጋር ምንም ነገር መቀላቀል ክልክል እንደሆነ የሚገልጽ መመሪያ ተለጥፏል። በስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ያየሁትን ተናገርኩ። ማንም አላስገደደኝም። ጋሽ ዩሱፍ «አዲሱ ጉልበት የለውም፣ የድሮውን ጣል ስታደርግበት ይቆማል» ብሎ ሊያስረዳ ሲሞክር ቤቱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከሥራ ታገደ።

እሱ ከወጣ በኋላ ፊኛው በማንም እጅ አልቆም አለ። ያኔ ማሽኑን አበላሽቶ ነው የሄደው ተባለ፤ ቀጥሎ አሻጥር የሚለው ቃል ተነሣ። በደርግ ጊዜ ይህ ቃል የተለጠፈበት ሰው መጨረሻው ወዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የፋብሪካችን ኮሚቴ ጉዳዩን ወደ በላይ አካል ከማስተላለፉ በፊት አዲስ አበባ ካለ ላቦራቶሪ ወረቀት እንዲመጣ ወሰነ። የተላክሁት እኔ ነኝ። ዕቃውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ የንብረት ክፍላችን ሠራተኛ እህት ደግሞ ልደታ ስለሚኖሩ ማደሪያ አላስቸግርም። ግማሽ ጆንያ አዲስ ፍሬና ያንን የተከተፈ ላስቲክ፣ ከረጢቱ አፉ ታስሮ በቀይ ሰም ታትሞ፣ አስረከቡኝ። ሊቀመንበሩ «ማኅተሙ እንዳይነካ፤ ማስረጃ ነው» አለኝ።

የመጀመሪያው ቀን

ሊቶሪና የሚባለው ባቡር ሊነሣ ሲል ጋሽ ዩሱፍን ጣቢያው ላይ ቆሞ አየሁት። ሊለምነኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። በእጁ የያዘው ሹራብ ነው።

«አዲሳባ በታኅሣሥ አይቻልም አቦ። ልበሰው።»

ተቀበልኩት።

«አንድ ነገር ጠይቅልኝ» አለ። «እዚያ የሚያውቅ ሰው ካገኘህ። ውስጥ እንዲያ ሲገፉት የሚጠነክር ነገር፣ ውጭ ሲስቡት ለምን ይልፈሰፈሳል? ሳስበው እንቅልፍ ይነሣኛል።»

ስለ ክሱ አንድም ቃል አልተናገረም። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ እጁን እንኳ አላውለበለበም፤ መንኮራኩሩን ነበር የሚመለከተው።

ሚኤሶ ላይ የጉምሩክ ፈታሾቹ ፊናንሶች ገቡ። ከድሬ በባቡር የሄደ ሰው ሁሉ ለእነሱ ኮንትሮባንድ ነጋዴ ነው። አንደኛው የጆንያዬን አፍ ፈትቶ ክንዱን እስከ ብብቱ ከተተና ሰዓት ወይ ሽቶ ይፈልግ ጀመር። ሲያጣ አንድ ፍሬ አንስቶ «ይበላል?» አለኝ። አይበላም አልኩት። አላመነኝም፤ በጥርሱ ሞከረውና ተፋው። የታተመውን ከረጢት ሲያይ ግን እጁን ሰበሰበ። ከጎኔ ሦስት ቀሚስ ደራርበው የተቀመጡ ሴትዮ ማንም ሳይነካቸው ሲስቁብኝ ነበር፤ ፊናንሶቹ ሲወርዱ ብርቱካን ላጥ አድርገው ሰጡኝ።

አዋሽ ላይ ማካሮኒ በላን። ሞጆ ስንደርስ ሹራቡን ለበስኩት። ከዚያ በኋላ ለአምስት ቀን አላወለቅሁትም።

የባልደረባዬ እህት ወይዘሮ ዘነበች ለገሃር መጥተው ተቀበሉኝ። ወንድማቸው መልኬን እንዴት እንደጻፈላቸው አላውቅም፤ ከመቶ ሰው መሀል በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ጆንያውን እኔ፣ ከረጢቱን እሳቸው ይዘን በሜክሲኮ በኩል ልደታ ወዳለው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሄድን። እኛ አገር መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ዛፉ ያጠላዋል፤ ሰው በሩ ላይ ተቀምጦ አላፊውን ሁሉ ይጠራል። እዚህ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል፤ የቆርቆሮው አጥር ትከሻን ይነካል። ቤት ከመግባታችን በፊት ቀበሌ መመዝገብ ነበረብኝ። የይለፍ ወረቀቴን የተቀበሉኝን ሽማግሌ ጸሐፊ በአገሬ ልማድ «አንተ፣ እዚህ ጋ ነው የምፈርመው?» አልኳቸው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«የድሬ ልጅ ነው፤ እዚያ አንቱ የሚባል ነገር አያውቁም» አሉ ወይዘሮ ዘነበች።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝና «እኔ ደግሞ ዘመድ መስሎኝ ነበር» ብለው ማኅተሙን መቱት።

ለእራት ቆጮ በጎመን ቀረበ። እንደ እንጀራ በጣቴ ልቆርሰው ብስበው ብስበው አልበጠስ አለኝ። ወይዘሮ ዘነበች በቢላ ቆርጠው ሰጡኝና «ውስጡ ቃጫ አለ፤ እሱ ነው የሚይዘው» አሉ። አልጋቸውን ለእኔ ለቀው ከልጃቸው ጋር መሬት ተኙ። እኔ መሬት ልተኛ ብዬ ብከራከርም የሚሰማኝ አላገኘሁም።

ሁለተኛው ቀን

ላቦራቶሪው ሜክሲኮ አጠገብ ባለ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ነው። ኃላፊዋ ወይዘሮ ንግሥት ይባላሉ፤ ክርኑ የተቃጠለ ግራጫ ካፖርት የለበሱ፣ ሰው ሲያናግራቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው የሚሰቅሉ መምህርት ናቸው። ያለፈው ቀን ትምህርት ሆኖኝ እሳቸውን ከመጀመሪያው አንቱ አልኳቸው።

መሣሪያቸው ቀላል ነው። ጎሬ የመሰለ ወፍራም የብረት ቱቦ፣ ከሥሩ መርፌ የምታክል ቀዳዳ። ፍሬው ጎሬው ውስጥ ይቀልጣል፤ ከላይ ክብደት ይጫንበታል፤ በአሥር ደቂቃ ስንት እንደወጣ ይመዘናል። የእኔን አዲስ ፍሬ መዘኑ። መደርደሪያ ላይ በጠርሙስ የቀረ የድሮው ዓይነት ፍሬ ነበራቸውና እሱንም መዘኑ።

«አንድ ናቸው» አሉ። «የምሰጥህ ወረቀት የሚለው ይኼንኑ ነው። ዕቃው ደህና ነው።»

በአንድ ጠዋት ሥራዬ አለቀ ማለት ነው። ዕቃው ደህና ከሆነ ጥፋቱ የሰውዬው ነው። ወረቀቱን ተቀብዬ በማግስቱ ባቡር መሳፈር እችል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ለአፍታ ያህል እፎይ አልኩ፤ በስብሰባው ላይ የተናገርኩት ትክክል ሆኖ ተገኘ ብዬ። ግን የለበስኩት የማን ሹራብ እንደሆነ ትዝ አለኝ። የጋሽ ዩሱፍን ጥያቄ እንዳለ ነገርኳቸው።

ወይዘሮ ንግሥት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ይኼን የጠየቀው ማነው?»

«አንድ ሰው ነው።»

«መሐንዲስ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። «ተከሳሹ ነው።»

ጎሬውን እንደገና አሞቁት። ከቀዳዳው ቀልጦ የሚወጣውን የድሮውን ፍሬ በወረንጦ ይዘው ወደ ታች ሳቡት። ቀጠነ፤ ከዚያ ይበልጥ ሲስቡት ይበልጥ እየተቃወመ መጣ፤ እንደተቆጣ ሰው። ቀጥለው አዲሱን ሳቡ። እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደና ምንም ሳይቃወም ተበጠሰ። ወረንጦውን ተቀብዬ እኔም ሞከርኩ። አምስት ጊዜ ያህል ሞክሬ ሁሌም ያው ሆነ። ልጅ ሆኜ ማስቲካ ስጎትት እንኳ እንደዚያ አልተደሰትኩም።

«የእኔ መሣሪያ ቀስ ብሎ መግፋትን ብቻ ነው የሚያየው» አሉ። «በፍጥነት ሲገፋ አያይም፤ ሲሳብ ደግሞ ጨርሶ አያይም። ወረቀቱም ላይ ለአንድ ቁጥር የሚሆን ቦታ ነው ያለው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ነገ ማሽን ያለው ሰው ዘንድ እንሄዳለን። ያንን የተከተፈውን ይዘህ ና።»

የታተመ ነው አልኳቸው። ካፖርታቸውን እየቆለፉ የምንገናኝበትን ሰዓት ነገሩኝ።

ሦስተኛው ቀን

ቀኑ ልደታ ነበር፤ አውቶቡሱ ከቤተ ክርስቲያን በሚመለሱ ሰዎች ስለሞላ በእግር ወደ ጌጃ ሰፈር ወረድን። አቶ ሽኩር የዳቦ ላስቲክ የሚሠሩ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ወርክሾፓቸው ከእኛ የመጋዘን ጥግ አይበልጥም። ፊኛው የሚያድግበት ከፍታ ስላጡ ጣሪያውን ቀደው ከላዩ እንደ ቆጥ ያለ የቆርቆሮ ቤት ሠርተውለታል። በእኛ ፋብሪካ ለአንድ ብሎን ሦስት ፊርማ ነው የሚያስፈልገው።

ሻይ ከጠጣን በኋላ አዲሱን ፍሬ ብቻውን ከተትነው። ሞተሩ አቃሰተ። አቶ ሽኩር ጆሯቸውን አስጠግተው «ይኼ ከባድ ነው» አሉ። ከአፉ ሲወጣ ግን እንደለመድኩት ተልፈሰፈሰ፤ ፊኛው ሁለት ጊዜ ተወዛውዞ ተቀደደና ትኩሱ ላስቲክ ክንዴ ላይ አረፈ። አቶ ሽኩር ቀዝቃዛ ውኃ አፈሰሱልኝ፤ ማርም ቀቡኝ። ጠባሳው አሁንም አለ።

ያን ጊዜ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎኝ ፊኛ ሲቀደድ አየሁ። ጋሽ ዩሱፍ ጌጃ ሰፈርን ረግጦ አያውቅም። ይህን ማሽን ሊያበላሽ አይችልም።

«ከረጢቱ ውስጥ ያለውስ?» አሉ አቶ ሽኩር።

ሁለቱም አዩኝ። ማኅተሙን ከቆረጥኩ ማስረጃ ነካ እባላለሁ፤ ቀጣዩ ተከሳሽ እኔ ልሆን እችላለሁ። ካልቆረጥኩ ደግሞ ይዤ የምመለሰው «ዕቃው ደህና ነው» የሚል ወረቀት ነው። አቶ ሽኩር ቢላ አቀበሉኝ እንጂ ቁረጥም አትቁረጥም አላሉኝም። ቆረጥኩት።

ወይዘሮ ንግሥት የተከተፈውን መዳፋቸው ላይ ዘርግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ይኼ በእጅ ነው የተከተፈው» አሉ። «እያንዳንዱ ፍሬውን ያክላል። ይኼ ሰው ስንት ቀን ተቀምጦ ይሆን?»

ቁም ነገሩ ዓይኔ ሥር ነበር። ከረጢቱን ሣጥን ውስጥ ሳገኘው መደበቁን አየሁ እንጂ እንዴት እንደተከተፈ አላየሁም።

አራት ቆርቆሮ አዲስ ፍሬ፣ አንድ ቆርቆሮ የተከተፈ። ሞተሩ ድምፁ ቀለል አለ። ፊኛው ወጣ፤ አንዴ ተንገዳገደ፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ በተቀደደው ጣሪያ አልፎ ወደ ቆርቆሮው ቤት ገባ። ከላይ የገባው የፀሐይ ብርሃን በፊኛው ውስጥ አልፎ ይታይ ነበር። ሦስታችንም አንገታችንን አቅንተን ቆምን። እያለቀስኩ እንደነበር ያወቅሁት አቶ ሽኩር መሐረብ ሲሰጡኝ ነው።

ወይዘሮ ንግሥት ምክንያቱን የነገሩኝ ደጅ ላይ ነው። ከወርክሾፑ በር አጠገብ አንዲት ሴት ማገዶ ይሸጣሉ፤ በአንድ በኩል የታሰረ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ፍልጥ፣ በሌላ በኩል ቅርንጫፉ ያልተመለመለ የጭራሮ ክምር። ወይዘሮ ንግሥት አስፈቅደው አንድ ፍልጥ እንድመዝ ነገሩኝ። ሾልኮ ወጣ፤ እስሩ አልተነቃነቀም። ከጭራሮውም አንድ ምዘዝ አሉኝ። ስስበው ክምሩ ሁሉ አብሮ ተጎተተ።

«ፕላስቲክ የተሠራው ከረጃጅም ሰንሰለት ነው፤ ሞለኪውል እንለዋለን» አሉ። «የድሮው ፍሬ ሰንሰለቱ ረጃጅም ቅርንጫፍ አለው። አዲሱ እንደ ፍልጡ ነው፤ ሲሳብ አንዱ በሌላው ላይ ይሾልካል። ቅርንጫፍ ያለው ግን ሲሳብ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ በሳብከው ቁጥር ይጠነክራል። ጥቂት ጭራሮ ፍልጡ መሀል ብትጨምር ሁሉንም ይይዝልሃል። የእናንተ ሰው ከድሮው ፍሬ የተሠራውን ላስቲክ ከትፎ ያደረገው ይኼንን ነው።»

«ሲገፋስ? ለምን አዲሱ ይከብዳል?»

«ቅርንጫፋሙ በፍጥነት ሲገፋ ቶሎ ይላላል። አዲሱ ግን ላላ አይልም። ለዚያ ጭራሮው አይረዳኝም፤ ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያልቃል» ብለው ሳቁ።

ማገዶ ሻጯ «ጨርሳችሁ ከሆነ መልሳችሁ ከምሩልኝ» አሉን። ከመርንላቸው።

አራተኛው ቀን

ወይዘሮ ንግሥት ሁለት ገጽ ጻፉ። በመጀመሪያው ላይ ቁጥሩ አንድ ነው ይላል። ሁለተኛው ቅጽ የለውም፤ ያየነውን፣ የቅልቅሉን መጠንና ቅርንጫፋሙን ዓይነት በስሙ ማዘዝ እንደሚቻል በእጃቸው ጽፈው ስማቸውን ከሥሩ አኖሩ። «ሁለተኛውን ማንም አልጠየቀኝም» አሉ ሲሰጡኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል፤ በዚያ ዘመን ሳይጠየቁ መፈረም ቀላል ነገር አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ዘነበች የተቆረጠውን ከረጢት አዩ።

«ስጠኝ፤ እኔ እሰፋዋለሁ» አሉ። «ሰሙንም አቅልጠን እንመልሰዋለን። ማን ያውቃል?»

ከልባቸው ነው፤ ለእኔ ብለው ነው። መርፌውን ሁሉ አውጥተው ነበር። ልስጥ አልስጥ እያልኩ ከረጢቱን ጭኔ ላይ ይዤ ቆየሁ። ጋሽ ዩሱፍ ለፋብሪካው ብሎ ደብቆ ሠርቶ የደረሰበትን አስቤ «እንዲሁ ይሁን፣ አይሰፋ» አልኳቸው። ስንቅ ቆጮ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ቢላም ጨመሩበት።

አምስተኛው ቀን

ሲመለሱ መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ነው መሰለኝ ቶሎ ያልቃል። ሚኤሶ ላይ ያው ፊናንስ ገባ። «አሁንም አይበላም?» አለኝ። ቆጮ አጋራሁት።

በማግስቱ ስብሰባ ተቀመጥን። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ሳያነብ ከረጢቱን አነሣ።

«ማኅተሙን ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ጌጃ ሰፈር የነፋነውን ላስቲክ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ሁሉንም ተናገርኩ፦ ሣጥኑን እንደከፈትኩ፣ ሰውዬውን ለምን ብዬ ሳልጠይቅ እንደከሰስኩ፣ ሲያስረዳም አብሬ እንደሳቅሁ። አልተሳቀብኝም። በእኛ ማሽን እንዲሞከር ተወሰነ፤ ተሞከረ፤ ፊኛው ቆመ። ቅልቅሉ ተፈቀደ፤ የጋሽ ዩሱፍ ጉዳይ ተዘጋ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ እስከ ዛሬ ፋይሌ ውስጥ አለ።

ጋሽ ዩሱፍ ሰኞ ወደ ሥራ ተመለሰ። ሹራቡን አጥቤ አመጣሁለት። ስለ ስብሰባው አልጠየቀኝም።

«ጠየቅክልኝ?» ነው ያለኝ።

ስለ ወረንጦው፣ ስለ ፍልጡና ስለ ጭራሮው ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ፤ ሲገፋ ስላለው ነገር ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ፊቱ የጠፋ ዘመዱ ደብዳቤ እንደጻፈለት ሰው በራ።

«እኔ እኮ ስብሰባው ላይ ይኼንኑ ነበር ያልኳችሁ» አለ ከዚያ። «አንተ እኔን ለማመን ልደታ ድረስ ሄደህ ጭራሮ መምዘዝ ነበረብህ?»

ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። ይቅር ብዬሃለሁም አላለኝ፤ አላልኩህምም አላለኝ። ሣጥኑን ከፍቶ ሁለት መቀስ አወጣና አንዱን ለእኔ ሰጠኝ።

«በደቃቁ» አለ። «ከፍሬው እንዳይበልጥ።»

እስከ ሥራ መውጫ ጎን ለጎን ተቀምጠን ከተፍን።